ለእንቁጣጣሽ ቤትን በገዛ እጅ ማስጌጥ፦ አንድ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውና መልሶቹ የተከታተሉበትን የበይነ መረብ ውይይት፣ የከፈተችው በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። ነሐሴ ሲጋመስ ባሰፈረችው ጽሑፍ አንድ ጥያቄና አንድ አቋም አቀረበች። ጥያቄዋ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ልጆቿ እቤት ስለሚውሉ፣ ለመስከረም 1 ሳሎኑንና በረንዳውን በእጃቸው በሠሩት ጌጥ ለማስዋብ ከምን ዕቃ ምን ቢሠሩ እንደሚሻል ነው። አቋሟ ደግሞ በየሱቁ የሚንጠለጠለው የፕላስቲክ አደይ አበባና በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት የሚያብረቀርቅ ሪባን ለእንቁጣጣሽ አይመጥኑም፣ እውነተኛው አበባ ደጅ ፈክቶ ሳለ ሐሰተኛውን በብር መግዛት ያሳፍራል የሚል ነበር። ጥያቄው ብቻውን ቢቀርብ ኖሮ ውይይቱ በአራትና በአምስት መልስ ያበቃ ነበር፤ ያረዘመው አቋሟ ነው።

መልስ 1። መጀመሪያ የመለሰችው የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነበረች። በዓሉ ገና ሳምንታት ቢቀሩትም እንኳን አደረሰሽ ብላ ጀመረችና ለጀማሪ ከወረቀት ሰንሰለት የሚቀል ጌጥ እንደሌለ ጻፈች። አሠራሩንም በልኬት አስረዳች። አንድ ኤ ፎር ወረቀት በአጭሩ ጎን አቅጣጫ በሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢቆረጥ ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ዘጠኝ ቁራጮች ይወጡታል፤ የመጀመሪያው ተጠቅልሎ በኮላ ሲጣበቅ ቀለበት ይሆናል፣ ሁለተኛው በእርሱ ውስጥ አልፎ ይጣበቃል፣ ሌሎቹም እንዲሁ ይቀጥላሉ። ሦስት ሜትር ለሚያህል ግድግዳ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ቀለበት ስለሚያስፈልግ ስድስት ወረቀት ይበቃል። ቀለማቱን አረንጓዴና ቢጫ ብቻ ማድረጉ ከወቅቱ ጋር እንደሚስማማም ጨመረች። በክሩ ውስጥ ካነበብኳቸው መልሶች ሁሉ ማንም ሊያርመው ያልቻለው ይህ ብቻ ነው።

መልስ 2። ቀደም ሲል ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው፣ ባለቀለም ወረቀት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በነጠላ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው አለ። ማተሚያ ቤቶች መጻሕፍትንና የሠርግ ጥሪ ካርዶችን ሲከረክሙ የሚተርፈው ጠርዝ በጆንያ ይጠራቀማል፤ ጠጋ ብሎ ለጠየቀ በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣል። ቁራጩ ጠባብ ስለሆነ ለመጽሐፍ አይሆንም እንጂ መልስ 1 ላይ ለተገለጸው ሰንሰለት የተመቸ ነው።

መልስ 3 እና 4 አጫጭር ናቸው። ሦስተኛው ጸሐፊ የልጆቹን ዕድሜ ጠየቀ፤ ጠያቂዋም ታናሹ ስድስት፣ ታላቋ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆኑ ገለጸች። ከዚህ በኋላ አብዛኞቹ መላሾች መቀስ የሚጠይቀውን ሥራ ለታላቋ፣ ኮላ የሚጠይቀውን ለታናሹ እያከፋፈሉ መጻፋቸው ደስ የሚል ነበር።

መልስ 5። አንዲት ወጣት የወረቀት አደይ አበባ አሠራር አቀረበች። አምስት ቅጠል ያለው አበባ በቢጫ ወረቀት ላይ ተስሎ ይቆረጣል፤ መሐሉ ላይ ኮላ ይቀባና የደረቀ የቡና አተላ ይነሰነስበታል፤ ጭራሮ በአረንጓዴ ወረቀት ተጠቅልሎ ግንድ ይሆነዋል። ሠርታ ያስቀመጠችውን አበባ ፎቶግራፍም አያይዛ ነበር፤ ብዙዎችም ወደዱት።

መልስ 6። የክሩ ድምፅ መጀመሪያ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። የባዮሎጂ መምህር መሆናቸውን የገለጹ አንድ ሰው፣ ፎቶግራፉ ላይ ያለው አደይ አበባ ሳይሆን የሱፍ አበባ ነው ሲሉ ያለ መግቢያ ጻፉ። የአደይ አበባ መሐሉም ራሱ ቢጫ ነው፣ ቢበዛ ከዳሩ ጠቆር ይላል እንጂ ቡናማ አይሆንም፤ ዳር ዳር ያሉት ቅጠሎችም አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ናቸው እንጂ አምስት አይደሉም። በየዓመቱ የሚታየውን አበባ ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ስለ ባህል መጠበቅ ባይናገር ይሻለዋል የሚል ጠንካራ ዐረፍተ ነገርም አከሉ። ይህ የመጨረሻው ያለ ቦታው የገባ ነበር፤ ልጅቷ ስለ ባህል መጠበቅ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ የተናገረችው ጠያቂዋ ናት።

ሆኖም መምህሩ ከተግሣጹ ጋር ያቀረቡት ዘዴ በክሩ ውስጥ ከተሰጡት ሁሉ የላቀ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ወረቀት በብርጭቆ አፍ ተለክቶ ይቆረጣል። ክቡ ለሁለት ይታጠፋል፣ የታጠፈው እንደገና ለሁለት፣ ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ስምንት ድርብ የሆነ ቀጭን ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሰፊው ጫፍ በመቀስ ሞላላ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ከሁለቱ ጎን ደግሞ ወደ መሐል ጥቂት ይሰነጠቃል። ሲዘረጋ እኩል የሆኑ ስምንት ቅጠሎች ይወጣሉ። አምስት እኩል ቅጠል ለማውጣት ግን ማዕዘን መለካት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ትክክለኛው አበባ ከተሳሳተው ይልቅ ለልጅ የሚቀል ሆኖ ተገኘ። ቅጠሎቹ ጠፍጣፋ እንዳይሆኑ እያንዳንዳቸው መሐል ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫን ተብሎ መስመር ቢሰመርባቸው ሕይወት እንደሚዘሩ ገለጹ። ለመሐሉ ትንሽ የሶፍት ቁራጭ በእርድ ውኃ ነክሮ ማድቦልቦል ይበቃል።

መልስ 7። የተገሠጸችው ወጣት ተመልሳ፣ ልጅ አበባ የሚሠራው ፈተና ሊያልፍ አይደለም አለች። እርሷ ያደገችው ግቢ ውስጥ አምስት ቅጠል ያለው አበባ የሳለ ልጅ ሳንቲም ሳይሰጠው ተመልሶ አያውቅም። መልሷ ቅር የተሰኘች መሆኗን ቢያሳይም ስድብ የለበትም፤ የመምህሩን አስተጣጠፍ ሞክራ እንደሠራላትም በመጨረሻው መስመር ላይ አልደበቀችም።

መልስ 8። ቀጥሎ የጻፉት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ ያለው ተሳታፊ ሁሉ እትዬ እያለ ጠራቸው። እርሳቸው ልጅ በነበሩበት ጊዜ ጌጥ ማለት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳይሆን ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ እንደነበር አስታወሱ። ቄጤማው በዋዜማው ይመጣል፣ ቤቱ በእርሱ ይለመልማል፣ ረከቦቱ መሐሉ ላይ ይቀመጣል። ወንዶቹ ልጆች ከደብተር በተገነጠለ ሉክ ላይ መልአክ፣ ፀሐይና አበባ ይስላሉ፤ በጠዋት ለጎረቤት ያድላሉ፣ ሳንቲም ይቀበላሉ። ሴቶቹ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። የከለር እርሳስ የሌለው ልጅ ራሱን የአበባ ቅጠል ወረቀቱ ላይ አሽቶ ቢጫ ያወጣ ነበር፣ አረንጓዴውንም ከሣር። ጠያቂዋን የመከሯት ልጆቿ ግድግዳውን ከማስጌጣቸው በፊት ሥዕል ሥለው ለጎረቤት እንዲያድሉ ነው፤ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ እየወጡ እየወረዱ የሚያድሉት ሥዕል በአንድ ሳሎን ከሚንጠለጠል ሰንሰለት ይልቅ ብዙ ቤት ያስጌጣል።

መልስ 9። አንድ ወጣት እትዬን አመስግኖ፣ በእርድ ማቅለም የሚለው የመምህሩ ሐሳብ ለጨርቅም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። በረንዳ ላይ ወረቀት ቢሰቀል የጳጉሜን ዝናብ በአንድ ሌሊት እንደሚያበላሸው አስታወሰ።

መልስ 10። የመለሰችለት በልብስ ስፌት የምትተዳደር ሴት ናት። አቡጀዴ ከሁሉም እንደሚሻል ጻፈች፤ ርካሽ ነው፣ ጥጥ ስለሆነም የእርድ ቀለም ሌላ ማጽኛ ሳይጨመርበት ይይዘዋል። ጨርቁ መጀመሪያ ታጥቦ ከፋብሪካ የመጣበት ማጠንከሪያ መውጣት አለበት። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርድ በሁለት ሊትር ውኃ ተበጥብጦ በዝግታ ይፈላል፣ ጨርቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይበታል፣ ተጨምቆም ጥላ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በስስ የዱቄት ሙጫ ተነክሮ እንደገና ቢደርቅ እንደ ካርቶን ይገተራል፣ በመቀስ ሲቆረጥም ጠርዙ አይተረተርም። ሙጫው አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ፣ አምስት እጅ በሚሆን የፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ የሚሠራ ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ አብሮ ቢፈላ ቶሎ እንዳይሻግት ይረዳል። ሽሮ ሜዳ ከሚገኙ ጥለት ሻጮች ቁራጭ ጥለት ለምኖ፣ ባለሦስት ማዕዘን ቆርጦ፣ በገመድ ላይ መስፋትም ለበረንዳ ያማረ ጌጥ እንደሚሆን አመለከተች።

መልስ 11። መምህሩ ተመልሰው፣ በዚህ ጊዜ በለዘበ አነጋገር፣ ሁለት ማስጠንቀቂያ ጨመሩ። የእርድ ቢጫ ፀሐይ አይወድም፤ ብርሃን በቀጥታ ቢያርፍበት በጥቂት ቀን ይደበዝዛል። ሳሙና ወይም አመድ የነካው እንደሆነ ደግሞ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ስለዚህ የተቀለመው ጨርቅ በሳሙና አይታጠብም፣ ሳሙና ባለበት እጅም አይነካም። ይህንኑ ጠባዩን ግን ለጌጥ መጠቀም እንደሚቻል አሳዩ፤ የአመድ ውኃ በቀጭን ጭራሮ ጫፍ ተነክሮ በቢጫው ጨርቅ ላይ ቢሰመር ቀይ መስመር ይወጣል፣ ልጆችም ይደነቁበታል።

መልስ 12። የእርድ ቀለም በውኃ ከመሟሟቱ ይልቅ በአልኮል እንደሚሟሟ የሚያውቅ አንድ ቀልደኛ፣ ለዚህ አረቄ እንደሚሻልና የተረፈውንም አባወራው እንዲያስወግደው ሐሳብ አቀረበ። ለልጆች የእጅ ሥራ የማይሆን ምክር ነው፣ ነገር ግን ስለ መሟሟቱ የተናገረው እውነት ነው።

መልስ 13። በመርካቶ ንግድ ላይ የተሰማራ ሰው ድንገት ገብቶ ሁሉንም በአንድ ላይ ወቀሰ። ሰው ሥራ ፈትቶ አበባ በመቀስ የሚቆርጥበት ዘመን አልፏል፣ የፕላስቲኩ አበባ በጥቂት ብር ተገዝቶ ዓመት ዓመት እየታጠበ ይሰቀላል፣ የወረቀቱ ግን በማግስቱ ቆሻሻ ነው፤ ለኮላ፣ ለወረቀት፣ ለእርድና ለከሰል የሚወጣው ተደምሮ ቢታይ ከተገዛው ይበልጣል እንጂ አያንስም አለ። ጠያቂዋ ሱቅ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ከማሳፈሯ በፊት እነርሱም በዚያ ልጆች እንደሚያሳድጉ ብታስብ መልካም ነበር ሲልም ዘጋ።

መልስ 14፣ 15 እና 16 በእርሱ ላይ የወረዱ ናቸው። አንዱ ገንዘብ ብቻ የሚታየው ሰው በዓል ምን እንደሆነ አይገባውም አለው፤ ሌላዋ ከውጭ በመርከብ የሚመጣ ሐሰተኛ አበባ ለማን እንደሚጠቅም ጠየቀች፤ ሦስተኛው ቢጫ ፌስታል ቆርጦ አበባ መሥራት ከሁለቱም እንደሚረክስ ሐሳብ ሰጠና፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁን ከሥሩ ሌላ ሰው አስታወሰው። በእነዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ነገር ግን ነጋዴው የተናገረው ሁሉ ስህተት አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ዓመታት የሚያገለግል ፕላስቲክ በየዓመቱ ተሠርቶ ከሚጣል ወረቀት ያን ያህል የከፋ አይደለም፣ ወጪውንም ደምሮ ያሳየ ሌላ ሰው አልነበረም። ያልተመለሰለት መልስ በመልስ 2 ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፦ ወረቀቱ ትርፍራፊ ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ነጋዴውን ወደዚያ የመራው ግን የለም።

መልስ 17። የክሩን ቁጣ ያበረደችው በዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ሴት ናት። ከሌሎች ሦስት የአገሯ ልጆች ጋር በምትጋራው ክፍል ውስጥ ሻማ ማብራት ክልክል ነው፤ ጭስ ጠቋሚው ጮኾ ሕንፃውን ሁሉ ስለሚያስወጣ ችቦ የማይታሰብ ነው፤ ቄጤማም የለም። እነርሱ የሚሠሩት ከሶፍት ነው። ስምንት የሚሆን ቢጫ የገበታ ሶፍት ተደራርቦ ወዲያና ወዲህ እየተመለሰ በቀጭን ይታጠፋል፣ ወገቡ በክር ይታሰራል፣ ሁለቱ ጫፎች በመቀስ ክብ ይደረጋሉ፤ ከዚያ ድርቦቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ሲነሡ ጡጫ የሚያህል አበባ ይሆናል። ለችቦው ደግሞ ቀጫጭን እንጨቶች በቃጫ አስረው መሐሉ ላይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ይሰኩበታል፤ መብራቱን አጥፍተው ክብ ሠርተው ይዘፍኑበታል።

መልስ 18። አንድ ሰው ይህን ችቦ ፎርጅድ ብሎ ተሳለቀበት። በክሩ ውስጥ እጅግ ያስከፋኝ ይህ ነው፤ ተሳታፊዎቹም እንዲሁ ተሰምቷቸው ኖሮ መልስ 19 ላይ እትዬ ራሳቸው፣ ልጄ ሆይ ብለው ጀምረው፣ ችቦ የሚበራው ሰው ተሰብስቦ ዓመቱን እንዲቀበል ነው፣ እነዚያ ልጆች ተሰብስበዋል፣ አንተ የት እንደነበርክ ግን አልነገርከንም ሲሉ መለሱለት። በዚያው መልስ ላይ ቀኑን ማረማቸውም አልቀረም። ሰውዬው ችቦ ሁልጊዜ ጳጉሜን 5 ማታ ይበራል ብሎ ነበር፤ እርሳቸው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ዋዜማውም ጳጉሜን 6 እንደሆነ አስታወሱት። አልተመለሰም።

መልስ 20። ከሜሪላንድ የጻፈ አባት፣ በእነርሱ አካባቢ እውነተኛ አበባ ለሚፈልግ መፍትሔ አለ አለ። ነሐሴ ካለፈ በኋላ በየመንገዱ ዳርና በረግረግ ሜዳ ላይ የሚፈካ ቢጫ አበባ አለ፤ ከአደይ አበባ ጋር በሳይንሳዊ ስሙ ቢደንስ (Bidens) በሚባለው አንድ የዕፅዋት ወገን የሚመደብ ዘመዱ ነው፣ ከሩቅ ላየውም አይለይም። ልጆቹን ይዞ ይሄድና ባለቤቱን አስፈቅዶ ከአንድ እርሻ ዳር ይቆርጣል፤ በመናፈሻዎች ውስጥ ግን አበባ መቅጠፍ ስለሚከለከል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አሳሰበ። ይህ አበባ ውኃ ካላገኘ ቶሎ ስለሚጠወልግ በቆረጡት ሰዓት ወዲያው ባልዲ ውስጥ ማስገባት፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውንም ቅጠል ከግንዱ ላይ ማራገፍ ያሻል።

መልስ 21። መምህሩ ዝምድናውን አጸኑለትና፣ ልብስ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግረው ጨጎጊትም የዚያው ወገን ስለሆነ አበባው ወደ ፍሬ ከተለወጠ በኋላ ሳሎን ውስጥ ባይቆይ እንደሚሻል አከሉ። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ጨጎጊት የልጅነት ትዝታ የተጨዋወቱ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱን አልቆጠርኳቸውም።

መልስ 22። ከእስራኤል የጻፈች ሴት ክሩን አዲስ ወደ ሆነ ነገር መራችው። በእነርሱ ዘንድ በትምህርት ቤት ልጆች መልስ 1 ላይ የተገለጸውን ሰንሰለት በብዛት የሚሠሩት ለዳስ በዓል ነው፤ በዓሉ በአይሁድ አቆጣጠር ቲሽሪ 15 የሚጀምር ሲሆን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። የዳሱ ጣራ ከተቆረጠ ዛፍና ቅጠል የሚሠራ ስለሆነ ወረቀቱን ከጣራው ላይ ማንጠልጠል ቀላል ነው። እርሷ ከኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቿ ጋር ለእንቁጣጣሽ የሠራቻቸውን የወረቀት አበቦች አስቀምጣ በዳሱ ውስጥ እንደምትሰቅላቸው፣ ነገር ግን ነፋስ ስለሚያወዛውዛቸው በኮላ ፋንታ በመርፌና በክር እንደምታያይዛቸው ጻፈች። በአንድ ድካም ሁለት በዓል ማስጌጥ ለነጋዴው ክርክር የተሰጠ ጥሩ መልስ ነበር፣ እርሷ ግን ልብ አላለችውም።

መልስ 23። ሁልጊዜ እንደሚሆነው አንድ ሰው ገናን አነሣ። ለእንቁጣጣሽ ፕላስቲክ አበባ የሚያሳፍር ከሆነ፣ በታኅሣሥ 29 ጽድ ቆርጦ ጥጥ እንደ በረዶ መበተንስ ምን ሊባል ነው ሲል ጠየቀ፤ በአብዛኞቹ ቤቶቻችን በረዶ በገና ወርዶ አያውቅም። በዚህ ላይ ብዙ ተባለ። መልስ 24 ላይ አንድ የደን ባለሙያ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ የሐበሻ ጽድን ከዝግባ፣ ከዋንዛና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ዘርዝሮ እንደነበር፣ በኋላም ሌሎች አዋጆች ቢተኩት ለአገር በቀል ዛፎች የሚሰጠው ጥበቃ እንዳልቀረ ገለጸ። ዛፉን ከመቁረጥ ይልቅ የፈረንጅ ጽድ አጥር ሲከረከም የሚወድቀውን ቅርንጫፍ ሰብስቦ በሽቦ ላይ ክብ አድርጎ ማሰር ያው ሽታና ያው ልምላሜ እንዳለው መከረ። ጥጡን በተመለከተ የሚያውቀው አደጋውን ነው፤ ጥጥ በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ከሚግል አምፖልና ከሻማ ጋር መቀራረብ የለበትም። በእርሱ ፋንታ ፈንድሻ በመርፌ እየተሰካ በረጅም ክር ላይ ቢደረደር ነጭ ጌጥ ይወጣዋል፤ ጨው ሳይነካውና ሳይጣፍጥ፣ በአንድ ቀን ዕድሜው ጠንከር ሲል ቢሰካ አይሰባበርም። ጉንዳንና አይጥ ባለበት ቤት ግን ማታ ማታ ይነሣል።

መልስ 25። ከደሴ የጻፈች ሙስሊም ሴት፣ ዘመን መለወጫ የጎረቤቶቿ ብቻ ሳይሆን የእርሷም እንደሆነ፣ ልጆቿም በዚያው ወረቀት መስከረም ላይ አበባ፣ ለዒድ ጨረቃና ኮከብ እንደሚቆርጡ በአጭሩ አስታወሰች። ጨረቃን ለመቁረጥ ሁለት የተለያየ ስፋት ያላቸው ክዳኖች ይበቃሉ፤ በትልቁ ክብ ይሰመራል፣ ትንሹ ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ይሰመራል፣ መሐል ያለው ተቆርጦ ይወጣል። ከእርሷ ቀጥሎ ከወልቂጤ የጻፈ ሰው ለመስቀል ጌጥ የሚጀመረው ከግድግዳው እንደሆነ፣ ቤቱ ታጥቦና ተለቅልቆ፣ ግድግዳውም በአፈር ቀለም አምሮ ሳያበቃ ምንም ነገር እንደማይሰቀል ተናገረ። ይህ ሊሰፋ የሚገባው መልስ ነበር፤ አፈሩ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚለወስ የጠየቀ ሰው ስለሌለ በሦስት መስመር ቀረ።

መልስ 27። ጠያቂዋ በመጨረሻ ተመልሳ የመረጠችውን ነገረቻቸው። ልጆቹ በእትዬ ምክር መሠረት በመጀመሪያ ሥዕል ይሥላሉ፤ ለሳሎኑ የወረቀት ሰንሰለትና ባለስምንት ቅጠሉ አበባ፣ ለበረንዳው በእርድ የተቀለመ አቡጀዴ ይሠራሉ፤ ግድግዳው ላይ ፕላስተር ሲለጠፍ ቀለሙን ስለሚልጥ ሁሉም ከመጋረጃው ዘንግ ላይ በክር ይንጠለጠላል። ቄጤማውን በሴራሚክ ወለል ላይ ሁሉ መበተኑ ለሚያዳልጠው እግር ስለሚያሰጋ በረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ይጎዘጎዛል። ለነጋዴውም ማንንም ለማሳፈር እንዳላሰበች ጻፈችለት፤ ስለ ፕላስቲኩ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም።

መልስ 28። መምህርቷ፣ ማለትም መልስ 1 ላይ የጻፈችው፣ በረንዳ ላይ ጥቂት የወረቀት አበባም መስቀል ከፈለገች በሻማ ሰም እንድትነክራቸው ነገረቻት። ሰሙ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውኃ በሚፈላበት ድስት ውስጥ በተቀመጠ ቆርቆሮ ይቀልጣል፤ አበባው ለአፍታ ገብቶ ይወጣል፣ ተገልብጦ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ በኋላ ካፊያ አይፈራም። ይህ ሥራ የእናትየው እንጂ የልጆቹ አይደለም።

መልስ 29 እና 30። አንድ ተሳታፊ እነዚህን በሰም የተነከሩ አበቦች መስከረም 16 በደመራው ዕለት ችቦ ላይ ማሰር ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ አይቻልም አሉ፤ ሰሙ እየነደደ እጅ ላይ ይንጠባጠባል። ችቦውን በደረቅ ልጥ አስሮ አናቱ ላይ እርጥብ አደይ መሰካት ይሻላል፣ በዚያ ሰሞንም ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ ሁሉ በእርሱ የተሞላ ስለሆነ የወረቀቱ አያስፈልግም ሲሉ ጻፉ።